ትርንጎን የመጥራት መብት

ባለፈችው ሌሊት ሕልም አየሁ። እኔ ሕልም ተራኪ አይደለሁም፤ ማለዳ ተነሥቶ ሕልሙን ሲፈታ የሚያረፍድ ሰው ቀኑንም ተኝቶ እንደሚያሳልፈው ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬአለሁ። ይህን ሕልም ግን ሳልናገር ብቀር በጥፋት ላይ ጥፋት መጨመር ይሆንብኛል፤ ሕልሙ የተወለደው ከጥፋቴ ነውና።

ጥፋቴም ይህ ነው። ልጃችን ስንዱ ባሕር ዳር ታስተምራለች። እኔና እናቷ እዚህ ሞጣ ሆነን ፊቷን እያየን እንድናነጋግራት ብላ በፋሲካ ስልክ አምጥታ ሰጠችን። ትናንት ከራት በፊት በቀጠሮዋ ሰዓት ስንከፍተው በፊቷ ፈንታ ጽሑፍ መጣ። ጽሑፉ ረጅም ነበር፤ በጣቴ ወደ ላይ ብገፋው ብገፋው የሚያልቅ አልሆነም። ከግርጌው «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ተቀምጧል። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዋስው ሳስተምር፣ ሳያነብ «አንብቤአለሁ» ብሎ በፊቴ የቆመ ተማሪ ሁለተኛ ደግሞ አያውቅም። ስለዚህ መነጽሬን ወልውዬ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርሁ።

ባለቤቴ ትርንጎ ለልጇ ዓይን ብላ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር።

«መሪጌታ፣ ልጅቱ እየጠበቀች ነው» አለችኝ።

«ውል ነው። ውል ይነበባል።»

«ስንት ቅጠል ነው?»

«እንጃ። ገና አንደኛው ላይ ነኝ።»

«እንዲህ ከሆነስ አንቱ እስኪጨርሱ ስንዱ ጡረታ ትወጣለች።»

ጫንሁት። ሁለተኛውን መስመር እንኳ ሳልጨርስ «እስማማለሁ» የሚለውን ጫንሁት። የስንዱ ፊት ወጣ፤ ትርንጎ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ራታችንን በልተን፣ ጸሎታችንን አድርሰን ተኛን። እንቅልፌ ግን እንደ ወትሮው ቀና አልነበረም።

በሕልሜ ነጋ። ፀሐይ ትናንት በጠለቀችበት በምዕራብ በኩል፣ የረሳችውን ዕቃ ልትወስድ እንደ ተመለሰች ሴት እያፈረች ብቅ አለች። ትርንጎ ከደጃፍ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ውኃ ጠማኝና ልጠራት አፌን ከፈትሁ። ስሟ አልወጣም። ደግሜ ከፈትሁ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ። አርባ አንድ ዓመት የጠራሁት ስም ነው። በአፌ ውስጥ የነበረበትን ስፍራ በምላሴ ብዳብሰው፣ ጥርስ እንደ ወለቀበት ድድ ባዶ ሆኖ አገኘሁት።

በዚያው ቅጽበት አንድ ሰው በበሩ ገባ። ቀጭን ነው፤ ኮት ለብሷል፤ ፊቱ እንደ ተላጠ ዕንቁላል ለስላሳ ነው፤ በእጁ ትንሽ ቦርሳ ይዟል።

«መሪጌታ ዕንባቆም፣ እንደ ምን አደሩ? የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ነኝ» አለ።

«የየትኛው ድርጅት?»

«ትናንት ማታ የተስማሙት ድርጅት ነዋ። ስማችን በሌላ ገጽ ላይ ነው።»

«ሚስቴን ልጠራት አቃተኝ።»

«ያቅትዎታል» አለ፤ ሊያጽናናኝ እንደ መጣ ዘመድ ራሱን እየነቀነቀ። ከቦርሳው አንድ ወረቀት መዘዘና አነበበ። «አንቀጽ አርባ አንድ። ተጠቃሚው የሚስቱን ስም የመጥራት መብት፣ ቀንና ቦታ ሳይለይ፣ ለድርጅቱ አስተላልፏል። ከእንግዲህ ሊጠሯት ሲፈልጉ ለእኛ ያመለክታሉ፤ እኛ እንጠራልዎታለን።»

«እንዴት አድርጋችሁ?»

«እንዲህ አድርገን» አለና ወደ ደጃፉ ዞሮ፣ ማር በሚያንጠባጥብ ድምፅ «ወይዘሮ ትርንጎ» ብሎ ተጣራ።

«አቤት» አለች ትርንጎ።

ያለችው ለእሱ ነው። ራሷን ከምስሩ ቀና አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ ለዚያ ሰው «አቤት» አለችው። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሄዶብኛል፤ በሬ ሞቶብኛል፣ መሬት ተወስዶብኛል፣ የቀኝ ጆሮዬም ደክሟል። እንደዚያች «አቤት» ያንገበገበኝ ግን አልነበረም።

«በሕግ አምላክ» አልሁት።

ሰውየው በቆመበት ደረቀ። ዓለሙ ሁሉ ተገልብጦ ሳለ ይህች ቃል አልተገለበጠችም ነበር። በአባቶቻችን ዘንድ የተጣላ ሰው ባላጋራውን በሕግ አምላክ ብሎ ካቆመ በኋላ የነጠላውን ጫፍ ከባላጋራው ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጥራል፤ ዳኛ እስኪፈታቸው ድረስ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያርፋሉ፣ አንዱ ሌላውን ጥሎ አያመልጥም። እኔም የነጠላዬን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ጋር አጥብቄ ቋጠርሁት።

«ይህ በውሉ ውስጥ የለም» አለ።

«ውሉን አላነበብሁትም» አልሁት። ተያይዘን ወደ ዳኛ ወጣን።

መንገዱ የማውቀው የሞጣ መንገድ ነበር፤ የሚሄዱበት ግን እነማን እንደ ሆኑ ለማመን ይቸግራል። በገበያው በጎቹ ሰውን በገመድ እየሳቡ ዋጋ ይከራከራሉ። አንድ ትልቅ ሙክት ጎረቤቴን አቶ አለኸኝን አስቁሞ ጎድኑን በሰኮናው ይዳብሰዋል።

«ይህ ከስቷል» አለ ሙክቱ። «ለበዓል አይሆንም።»

አቶ አለኸኝ ቅር አለው። «ጾም ስለ ሆነ ነው እንጂ ሥጋዬስ ጥሩ ነው። ምነው መሪጌታ፣ ይመስክሩልኝ እንጂ» አለኝ።

«ባለ ጉዳይ ነኝ፣ አለኸኝ» አልሁት። «ስመለስ እመሰክርልሃለሁ።»

ጥቂት እልፍ እንዳልን አንድ ደመና የአንዲት ባልቴት በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ አየን።

«ለመዝነብ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ውሉን ላንብብልዎ?» አላት።

«አንብብ እንጂ» አለች ባልቴቲቱ፤ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች፤ የሚፈተል ጥጧንም ይዛ ነበር። ደመናው ጉሮሮውን ጠርጎ ያነብ ጀመር። ባነበበ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ፣ ሰውነቱም እያነሰ ሄደ። አምስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ተንጠባጥቦ አለቀ። ባልቴቲቱ ደጃፏ ላይ የቀረውን እርጥበት አይታ «ጨዋ ነበር» አለች፤ እንዝርቷንም ማሾሯን ቀጠለች።

ነገረ ፈጁ በዚህ ተገረመ። «እኛ እንዲህ ብናነብ ኖሮ እስካሁን ጠፍተን ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ።

በተማሪ ቤቴ አጠገብ ማለፍ ግድ ሆነብን። በወንበሬ ላይ ተማሪዎቼ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ የአገሩ መምህራን ሁሉ በሰልፍ ቆመዋል። ከሰልፉ ፊት የቆሙት የዕድሜ እኩያዬ አለቃ ዘውገ ነበሩ፤ ሲያፍሩ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል።

«አንብበሃል?» አለ ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የእኔኑ ድምፅ ይዞ።

«አንብቤአለሁ» አሉ አለቃ ዘውገ።

«እስከ የት?»

«እስከ… ከመጨረሻው ወዲህ ድረስ።»

«እጅህን ዘርጋ።»

እኔ ከነገረ ፈጁ ጀርባ ተሸሸግሁ። ያቺን ቋጠሮ ያመሰገንሁት ያን ጊዜ ነው። «ደግሞ እርስዎም?» አለኝ ሰውየው። «ዝም ብለህ ሂድ» አልሁት።

ችሎቱ የሚሰየመው በመናኸሪያው ነበር። መንገደኞች አንድ ትልቅ አውቶቡስ በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ፤ አውቶቡሱ በላያቸው ተዘርግቶ ያንቀላፋል። «ጠጋ በል እንጂ» ይሉታል ከሥር፤ «ገና ሁለት ሰው ሊሸከምህ ነው።» በመናኸሪያው መካከል ባላጋራ ሁሉ በወንበር ተቀምጧል፤ ዳኛዋ ብቻ ቆማለች። ዳኛዋ አህያ ነበረች። ጀርባዋ በጭነት የተላጠ፣ ዓይኗ የረጋ፣ ጆሮዋ ከማናቸውም ዳኛ ጆሮ የረዘመ ነው።

«አሥራ ስምንት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ተጭኜአለሁ» አለች፣ ገና ሳንቀመጥ። «አንድ ክረምት ሣር ሲጠፋ ደግሞ እንደዚህ ያለ ውል ሙሉ ነዶ በልቼአለሁ። በዚህ አገር እስከ መጨረሻው የዘለቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«እንዴት ነው ክብርት ዳኛ?» አልሁ።

«ከመካከሉ ወዲያ ጣዕም የለውም። ክሱን ተናገር።»

ተነሥቼ፣ በእኔ ምክንያት ኮቱ የተሳበውን ባላጋራዬንም አስነሥቼ ተናገርሁ። «ክብርት ዳኛ፣ ይህ ሰው የሚስቴን ስም ከአፌ ወስዶብኛል። ውል አለኝ ይላል። ውል ማለት የሁለት ልብ መገናኘት ነው። ዕውር ቢዋዋል በሰማው ይዋዋላል፤ ደንቆሮ ቢዋዋል ባየው ይዋዋላል፤ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ልጄ ከበሩ ወዲያ ቆማለች፤ በሩ ላይ ይህ ሰው ቆሟል፤ እሺ ካላልህ አታልፍም ይለኛል። እንዲህ ያለው ውል አይባልም፤ ኬላ ነው። ኬላ ላይ እሺ ያለ ሰው ደግሞ መንገዱን ፈለገ እንጂ ኬላውን አልወደደም።»

አውቶቡስ የተሸከሙት መንገደኞች «ይበል» አሉ።

ነገረ ፈጁ ቦርሳውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ በለስላሳ ድምፅ መለሰ። «ክብርት ዳኛ፣ ጽሑፉ በፊታቸው ነበረ። መነጽራቸው በዓይናቸው ላይ ነበረ። እጃቸውን ይዘን አልጫንነውም። ማንበብ የሚችል ሰው፣ ይልቁንም ማንበብ የሚያስተምር ሰው፣ አለማንበቡን ጋሻ ካደረገው በምድር ላይ የሚጸና ውል አይኖርም። ነገ ሁሉም አላነበብሁም ይላል። ምስክርም አለኝ።»

«ማን ነው ምስክርህ?»

«ጣታቸው።»

የቀኝ እጄ አመልካች ጣት ከእጄ ላይ ወረደች። አላመመኝም፤ አፈርሁ እንጂ። በወንበሩ ጠርዝ ላይ ቆማ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ከልጅነትዎ ጀምሮ ከመስመር መስመር እየቀደምሁ መርቼዎታለሁ፤ አንዲት ፊደል አስዘልዬዎት አላውቅም። ትናንት ግን ዝለዪ አሉኝ።»

«አላልሁም።»

«በአፍዎ አላሉም። ልብዎ ግን ስንዱ፣ ስንዱ ይል ነበር። እኔ ልብዎን ሰምቼ ጫንሁ።»

ነገረ ፈጁ ፈገግ አለ። «ሰማችሁ፤ ልባቸው ነበረበት» አለ።

«ነበረበት» አልሁ። «የተስማማው ግን ከስንዱ ጋር ነው። ይህን ሰው ልቤ አላየውም።»

ዳኛዋ አንደኛዋን ጆሮዋን አቀናች፤ ቆይታም ሁለተኛዋን። «ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል» አለች። «ያልተነበበ ውል…»

ስሟ ሊመለስ ነው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ከምላሴ ሥር ቆማለች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ይፈቀድልኝ» አለ ነገረ ፈጁ። ወደ እኔ ዞረ። «መሪጌታ፣ ወይዘሮ ትርንጎን ከማግባትዎ በፊት ስንት ጊዜ አይተዋት ነበር?»

«አላየኋትም። የአገሩ ልማድ ነው። ሽማግሌ ተላከ፣ አባቴና አባቷ ተነጋገሩ።»

«ድምፅዋንስ ሰምተው ነበር?»

«አልሰማሁም።»

«ስለ ጠባይዋ የሚናገር አንድ ገጽ እንኳ አልሰጡዎትም?»

«ማን ይጽፈዋል?»

«በሠርጉ ዕለት ተከናንባ ቀረበች። ትቀበላታለህን ተባሉ። ምን አሉ?»

ዓይኔን ወደ ነጠላዬ ጫፍ መለስሁ። ቋጠሮው ሲጠብቅ ይሰማኛል።

«ምን አሉ መሪጌታ?»

«እሺ አልሁ።»

«ሳያነቡ።»

«ሳላነብ።»

ሰውየው ቦርሳውን ዘጋ። «እንግዲህ ክብርት ዳኛ፣ ያልተነበበ ውል አይጸናም ብለው ይፍረዱ። እኛ አንድ ስም እንመልሳለን። እሳቸውም አርባ አንድ ዓመት ይመልሱ።»

ከገበያው ችሎቱን ሊያዩ የመጡት በጎች ማኘካቸውን ተዉ። አውቶቡሱ እንኳ ከእንቅልፉ ነቅቶ አንድ መብራቱን አበራ። እኔ በሰዋስው ትምህርት ስንት መምህር ተከራክሬ ረትቼአለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ያስተማርሁት ሁሉ አንድም አልደረሰልኝም። ብረታ ትርንጎ ትሄዳለች። ብሸነፍ ስሟ ይሄዳል። ስሟን ይዤ ባዶ ቤት መግባት፣ ወይም ስሟን አጥቼ ከእሷ ጋር መግባት ነው። ባዶ ቤት ቆሜ «ትርንጎ» ስል ታየኝ፤ «አቤት» የሚል የለም።

«ውሉ ይጽና» አልሁ።

«የትኛው?» አለች ዳኛዋ።

«ሁለቱም። ስሟን ይውሰዱት። እኔ አንቺ እያልሁ እኖራለሁ። እሱንም ከከለከሉኝ እስላለሁ፤ ሳሌን ታውቀዋለች። እሷ ብቻ ከቤቴ አትውጣ።»

ከኋላ በኩል ሰው መገፋፋት ጀመረ። በጎቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ትርንጎ ምስሯን በሰፌድ እንደ ያዘች መጣች፤ መንገድ የበዛባት ሴት የምታሳየው ቁጣ በፊቷ ላይ አለ።

«ስሜን ማን ነው ያስያዘው?» አለች።

ጣቴ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ሆና ወደ እኔ አመለከተች።

«አወቅሁ» አለች ትርንጎ። ወደ ነገረ ፈጁ ዞረች። «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የተዋዋልኸው?»

«ከመሪጌታ ጋር።»

«ስሙ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«እኔን ጠይቀኸኛል?»

ነገረ ፈጁ ቦርሳውን ከፈተ። «ለእርስዎም የሚሆን ገጽ ይኖራል፤ አንድ ጊዜ ልፈልግ…»

«አትፈልግ። ክብርት ዳኛ፣ የጎረቤትን ላም መንገደኛ አስፈቅዶ የሚነዳ ሰው በአገራችሁ ምን ይባላል?»

«ሌባ» አለች አህያዪቱ። እሷ ቃል አታበዛም።

«በእኛም አገር እንደዚያው ነው» አለች ትርንጎ።

ነገረ ፈጁ ቀላ። «የስሙስ ነገር ይሁን» አለ። «ጋብቻውስ? እሱም አልተነበበም።»

«አልተነበበም» አለች። ሰፌዱን ወደ ወገቧ አስጠጋች። «እኔም አላነበብኋቸውም። ተከናንቤ ከውስጥ ሆኜ ጫማቸውን ብቻ አየሁ፤ የግራው ተቀዶ ነበር፤ ልቤ ለሱ አዘነለት። ከዚያ ወዲህ ግን አርባ አንድ ዓመት ስንነባበብ ኖርን። እሳቸው ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት፤ ገና መካከሌ አልደረሱም። እኔ ግን ጨርሻቸው እንደ ገና ጀምሬአለሁ።»

በጎቹ ሳቁ። እኔ ራሴን ደፋሁ፤ መሳቄ እንዳይታይ ነው።

«አንተስ?» አለችው። «ስሜን ከአፋቸው ለመውሰድ ያህል፣ እሳቸውን አንድ ቀን አንብበሃቸዋል? የሚያማቸው የትኛው ጉልበት ነው?»

ነገረ ፈጁ ወደ ቦርሳው ተመለከተ፤ ቦርሳው አልመለሰለትም። «ግራው?» አለ።

«ሁለቱም ነው። ለሰው የሚናገሩት የግራውን ብቻ ነው።»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእሷም አልተናገርሁም።

አህያዪቱ እግሯን አስተካክላ ቆመች። «ፍርዱ ይህ ነው» አለች። «ሳይነበብ የተገባ ውል በመግቢያው አይጸናም፤ በኑሮው ይጸናል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን እያነበበ ከኖረ መጀመሪያ ያልተጻፈው ኋላ ይጻፋል። አንዱ ሁልጊዜ የሚነበብበት፣ ሌላው ፊቱን ከቶ የማያሳይበት ውል ግን የወጥመድና የወፍ ውል ነው፤ ወፏም ረግጣለች ተብሎ ተስማምታለች አይባልም። ስሙ ለባለቤቲቱ ይመለስ፤ እሷም ለወደደችው አፍ ትስጥ። ቋጠሮው ግን አይፈታም። ነገረ ፈጁ መሪጌታን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ ከእሳቸው ጋር ተቋጥሮ ይኑር።»

ሰውየው ላብ አጠመቀው። «ስንት ገጽ ናቸው?» አለ።

«ኧረ ልጄ» አለች ትርንጎ፣ «መግቢያቸው ብቻ ሁለት ክረምት ይፈጃል።»

ያን ጊዜ ያ ለስላሳ ፊት ተጨማደደና ሰውየው ማልቀስ ጀመረ። ቋጠሮውን በጥርሱ ሞከረ፤ አልፈታ አለው። እንባውን ባየሁ ጊዜ ልቤ ራራ። ለካ ይህ ሰው በዕድሜው ሙሉ ውል ሲያስነብብ፣ እሱን አንብቦት የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም።

«አትፍራ» አልሁት። «ከፊደል እንጀምራለን። ጠዋት ጠዋት ቆሎ አለ።»

ጣቴ ወደ እጄ ተመልሳ ገባች፤ የሰውየውንም ግንባር የመጀመሪያ መስመር እንደ ሆነ ሁሉ አመለከተች። ትርንጎ ስሟን ከሰፌዱ ላይ፣ ከምስሩ መካከል እንደ ለቀመችው ፍሬ በሁለት ጣቷ አንሥታ በከንፈሬ ላይ አኖረችው።

«ጥራት» አለች ዳኛዋ።

አፌን ከፈትሁ። ስሟ ከጥርሴ ደረሰ። አህያዪቱ ፍርዷን ለማጽናት አንገቷን ወደ ሰማይ ዘርግታ በሙሉ ድምፅዋ አናፋች።

ነቃሁ። የምታናፋው የአቶ አለኸኝ አህያ ናት፤ ማለዳ ማለዳ እንደዚያው ናት። ፀሐይ በምሥራቅ፣ በቦታዋ ወጥታለች። ነጠላዬን ዳበስሁ፤ ጫፉ ያልተቋጠረ ነው። በአፌ ውስጥም ስሟን በምላሴ ዳበስሁት፤ አለ። ደስ ብሎኝ ልጠራት አፌን ስከፍት፣

«ወይዘሮ ትርንጎ» አለ አንድ ድምፅ። የእኔ ድምፅ አልነበረም።

«አቤት» አለች ትርንጎ ከደጅ።

ድምፁ የመጣው በመደቡ ላይ ካለው ስልክ ነው። ማር ያንጠባጥብ ነበር።

ትርንጎ ሰፌድ ይዛ ገባች። በሰፌዱ ላይ ምስር አለ። «ነቁ እንዴ?» አለችኝ። «ይህ ነገር ከማለዳ ጀምሮ ሲጮህ ነበር። ውላችን ተለውጧል ይላል። እንቅልፍዎን እንዳይነሣ ብዬ እኔው ተስማማሁለት። ከዚያ ስምዎን ይናገሩ አለኝ፤ ነገርሁት። ጨዋ ነው፤ ቆየት እያለ ይጠራኛል።»

«ትርንጎ፣ አንብበሽው ነው?»

ሰፌዱን አስቀምጣ አየችኝ። «አንቱንስ ስቀበል ምን አንብቤ ነበር?» አለች።

አህያዪቱ የፈረደችው ሁሉ በአፌ ሞልቶ ነበር፤ አልተናገርሁትም። ተነሥቼ የነጠላዬን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠርሁት።

«ምን እያደረጉ ነው መሪጌታ? ምስሩ ይደፋል።»

«ትርንጎ» አልሁ እንደ ገና፣ ላረጋግጥ ብዬ።

«አቤት» አለች።

«አቤት» አለ ስልኩም።